ኮስታራ ተባልኩ

ሲሬ፣ ኅዳር 12 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለውድ ጓደኛዬ ለጸሐይወርቅ፣

አካም ጂርታ? ነጋ? ሰላምታዬን በኦሮምኛ ካልጀመርኩ ደብዳቤው የኔ እንደማይመስልሽ ነግረሽኝ ነበርና እነሆ ጀመርኩልሽ። ልጅሽ ጥርስ አወጣ ወይ? ባለቤትሽስ ደኅና ናቸው? የአዲስ አበባ ብርድ አልጎዳሽም?

«ምን አድርጌሽ ነው ዝም ያልሽኝ?» ላልሽው፣ አንቺ ምንም አላደረግሽኝም። ወረቀት አነሣለሁ፣ ሰላምታውን ጽፌ እጨርሳለሁ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን መጻፍ ሲያቅተኝ እቀደዋለሁ። ዛሬ ግን ሳልቀደው ልላከው።

ማስተማሩ እንዴት ነው ላልሽኝ፣ ልጆቹን እወዳቸዋለሁ። ስድስተኛ ክፍልን ይዣለሁ። ከመምህራኑ ሴት እኔ ብቻ ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ የወላጆች ስብሰባ ነበረን። ስለ ጣራው ማፍሰስ ሲወራ ቆይቶ አንድ የተከበሩ ሰው ተነሡና «ጣራው ቀስ ብሎ ይደርሳል። ይህች አስተማሪ ግን ኮስታራ ናት። ሰው አትቀርብም። ሰላም ስትባል እንኳ ፊቷ አይፈታም። ልጆቻችንን ኩርፊያ ታስተምርብናለች» አሉ። ዲሬክተራችን ቀና ብሎ አላየኝም። «እውነት ነው፣ ኮስታራነቷን እኛም ታዝበናል» አለና ተቀመጠ። የተማሪዎቼ አባቶች ሁሉ መሬት መሬቱን ያዩ ነበር። አንድም ሰው «ለምን?» አላለም።

ጸሐይ፣ አማርኛ የማስተምረው እኔ ነኝ እኮ። ቃሉን አውቀዋለሁ። «ኮስታራ ማለት ቁም ነገረኛ፣ የማይቀልድ» ብዬ ሰሌዳ ላይ ጽፌ አስተምሬዋለሁ። ያን ቀን ግን ዕድሜዬን ሰምቼው የማላውቅ ቃል ሆነብኝ። ስድብ ሆነ፣ ከዚያም አልፎ ፍርድ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በገበያ ሳልፍ ሰዎች ሲያንሾካሹኩ እሰማለሁ። የባለቤትሽ አባት አለቃ የቃላትን ሥር ያውቃሉ ብለሽኝ ነበር። እባክሽ ጠይቂልኝ። ይህ ቃል ከየት መጣ? ማንስ ነው መጀመሪያ በሰው ፊት ላይ የለጠፈው?

ሰውየው ማን ናቸው ብለሽ ግን አትጠይቂኝ።

ድርቤ ሞረዳ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1958 ዓ.ም.

እኅቴ ድርቤ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔና ቤተ ሰቤ አምላክ ይመስገን ደኅና ነን። ልጁ ጥርስ አውጥቶ እኔኑ ይነክሰኛል።

ደብዳቤሽን ሳነብ ተናደድኩ፣ ወዲያው ደግሞ ሳቄ መጣ። አትቀየሚኝ። መምህራን ማሠልጠኛ ሳለን ፎቶግራፍ አንሺው «አንቺ ከጥግ ያለሽው ልጅ፣ ሰው ሞቶብሽ ነው?» ያለሽን ታስታውሻለሽ? ያኔም ቢሆን ፊትሽ ቶሎ አይፈታም ነበር። የሚያውቅሽ ያውቅሻል፣ የማያውቅሽ ግን ምን ይበል? ትንሽ ብትስቂላቸው ምን ይጎድልብሻል? ጥርስ ማሳየት እንደሆነ ግብር አያስከፍልም። የትንሽ ከተማ ሰው እኮ ሆዱ ቅርብ ነው፣ ቶሎ ይከፋዋል፣ ቶሎም ይረሳል።

ስለ ቃሉ አለቃን ጠየቅኳቸው። እንዴት ደስ እንዳላቸው! ምሳቸውን ትተው ያወሩልኝ ጀመር። ኮሰተረ የሚለው ነገሩ ከመብራት ነው አሉኝ። የመብራት ክር ሲቆይ ጫፉ ያርራል፣ ያጨሳል፣ ብርሃኑም ይደክማል። ያን ያረረውን ጫፍ ቆርጦ ማንሣት መኮስተር ይባላል። መሣሪያው መኮስተሪያ ነው። «ለዚያች ለጓደኛሽ ንገሪያት፣ መጽሐፍ ቅዱስ ካላት ኦሪት ዘጸአት ላይ ታገኘዋለች። ለመቅረዙ መኮስተሪያ ከጥሩ ወርቅ እንዲሠራ ታዟል» አሉኝ። ከዚያ ወደ ሰው ፊት እንዴት እንደተሻገረ ግን አፋቸውን ሞልተው አልተናገሩም። «ግንባሩን የሚሰበስብ ሰው ፊቱ እንደ ተቆረጠ ክር አጥሮ ስለሚታይ ይሆናል። ይሆናል ነው የምልሽ፣ አልምልበትም» አሉ። እንግዲህ የወርቅ ዕቃ ነሽ ማለት ነው፣ ምን ትፈልጊያለሽ!

ደግሞም ብቻሽን አልተውኩሽም። ወንድሜ ሽብሩ እዚያው ሲሬ መሬታችን ላይ አይደል ያለው? ያገሩ ሰው ሁሉ ቃሉን ያከብራል። «ድርቤ እንደ እኅቴ ናት፣ እኔን እንደምታየኝ አድርገህ እያት፣ ያስቀየማት ሰው ካለ ገሥጽልኝ» ብዬ ጽፌለታለሁ። ደብዳቤው ካንቺው ቀድሞ በሚያውቀው ነጋዴ እጅ ሄዷል። አንድ ቃል ቢናገርልሽ ወሬው ሁሉ ጸጥ ይላል።

የምትወድሽ ጸሐይወርቅ


ሲሬ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 1958 ዓ.ም.

ጸሐይወርቅ፣

ለወንድምሽ በመጻፍሽ አልቀየምሽም። በደግነት ነው። አንቺ ምን ታውቂያለሽ? የደበቅኩሽ እኔ ነኝ። ከእንግዲህ ግን ልደብቅሽ አልችልም።

ደብዳቤሽ እንደደረሰው ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። በበቅሎው ላይ እንደተቀመጠ ጠራኝና «እኅቴ እንደ እኔ እያት ትላለች። እኅቴማ ብትሆኚ እስከ ዛሬ አርፈሽ ትቀመጪ ነበር» አለኝ። አብረውት የነበሩት ሳቁ።

በስብሰባው ላይ ተነሥቶ ኮስታራ ናት ያለኝ ሰው ሽብሩ ነው።

ለምን አለኝ? ስሚኝ። ክፍሌ ውስጥ ደራርቱ የምትባል ልጅ አለች። ገና ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። አባቷ ኦቦ ተረፋ የእናንተ ጭሰኛ ናቸው። ወንድምሽ ሽማግሌ ልኮ ልጅቷን ጠየቀ። አባትየው «ልጅ ናት፣ ትምህርቷን ትጨርስ» ቢሉ ሽማግሌዎቹ «እሺ በል፣ አለዚያ ለመጪው ክረምት የምታርሰውን መሬት ከአሁኑ ፈልግ» ብለዋቸው ሄዱ። ልጅቷ ይህን የነገረችኝ በዕረፍት ሰዓት ነው። አላለቀሰችም። «መምህርት፣ ሰባተኛ ክፍል ምን ምን ይማራሉ?» አለችኝ። ለምን ትጠይቂኛለሽ ስላት «እዚያ ስለማልደርስ ማወቅ ፈልጌ ነው» አለችኝ።

ወንድምሽ ከጥቂት ቀን በኋላ ክፍል በር ላይ መጣ።

«ልጅቷን ጥሪልኝ» አለ።

«ትምህርት ላይ ናት፣ ጌታዬ።»

«እኔ ነኝ እኮ።»

«አውቀዎታለሁ። ትምህርት ላይ ናት።»

ሳቀና አገጬን ያዘ። ልጆቹ ሁሉ እያዩ! «ምን ያኮሳትርሻል? ሳቂ እንጂ፣ መልክሽ እኮ ክፉ አይደለም» አለኝ። እጁን ከአገጬ ላይ አነሣሁና በሩን ዘጋሁ። ያደረግኩት ይኸው ነው። አልሰደብኩትም፣ ድምፄንም ከፍ አላደረግኩም። የቅዳሜው ስብሰባ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

አሁን ደግመሽ ሳቂላቸው በይኝ። ጥርስ ግብር አያስከፍልም አልሽ? እኔ የተጠየቅኩት ግብር ያቺ ልጅ ነበረች።

ድርቤ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለወይዘሪት ድርቤ ሞረዳ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል።

ወንድሜን ከልጅነቴ ጀምሬ አውቀዋለሁ። አባታችን ሲሞቱ ያሳደገኝና ለትምህርት የላከኝ እሱ ነው። አንቺ እንደጻፍሽው ዓይነት ሰው አይደለም። በበሩ ላይ የሆነውን አንቺና እሱ ታውቃላችሁ። ሊቀልድ ፈልጎ ይሆናል፣ ቀልድ ሁልጊዜ አይገባሽም።

ስለ ልጅቷም ቢሆን ሽማግሌ ልኮ በወግ ጠየቀ እንጂ አልጠለፈም። እናቴ በዐሥራ አራት ዓመቷ ነው ያገባችው፣ ክፉ ነገር አልደረሰባትም። ለዚያ ለምስኪን ገበሬም ቢሆን ከእኛ ቤት ጋር መዛመድ ውርደት አይደለም። የሁለት ቤተ ሰብን ጉዳይ አስተማሪ ገብታ ስታበላሸው ሰው ቅር ቢለው አይገርምም። ለካ ሰው ኮስታራ ሲባል ምክንያት አያጣም።

ይህን ነገር ለሌላ ሰው እንዳትጽፊ አደራ። እናቴ የልብ ሕመምተኛ ናት።

ጸሐይወርቅ


ሲሬ፣ ጥር 8 ቀን 1958 ዓ.ም.

ጸሐይወርቅ፣

እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ላንቺ እንጂ ለሌላ ሰው አልጻፍኩም። ለማን እጽፋለሁ? ማን ያነብልኛል?

ከገና በፊት የጻፍሽውን ደብዳቤሽን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። በየጊዜው ሳነበው አንድ መሥመር ላይ እቆማለሁ። «ቀልድ ሁልጊዜ አይገባሽም» ትያለሽ። አዎን፣ አይገባኝም። በልጆቼ ፊት አገጬን መያዝ ቀልድ ከሆነ አይገባኝም። የአንድን ሰው መሬት አንቆ ይዞ ልጅህን ስጠኝ ማለት ወግ ከሆነ ወጉም አይገባኝም። ኦቦ ተረፋ እምቢ የማለት መብት ከሌላቸው እሺታቸው ምን ዋጋ አለው? እናትሽ በዐሥራ አራት ዓመቷ አገባች አልሽኝ። ፈልጋ ነበር ወይ? ጠይቀሻት ታውቂያለሽ?

እስቲ ወደዚያ ቃል እንመለስ፣ ያስጀመርኩሽ እኔ ነኝና። ነቀምቴ ውስጥ አባትሽ ፊታውራሪ ሲቀበሩ ነበርኩ። አልቃሿ «ኮስታራው ጌታ፣ ፊቱ የማይደፈር» እያለች ስታለቅስ አገር ሁሉ ደረቱን መታ። ኮስታራ ዳኛ ይመሰገናል። ኮስታራ አባት ይከበራል። የትምህርት ቤታችን ዲሬክተር ስቆ አያውቅም፣ ሰዎች «ኮስታራ ነው፣ ሥራ ያውቃል» ይሉታል። ቃሉ ሴት ላይ ሲደርስ ምን ነካው? እኔ ስሆን ለምን በሽታ ሆነ? አለቃ ሥሩን ከመብራት አወጡልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ በያቸው፣ ዘጸአትንም አንብቤዋለሁ። ግን እኔ ስለ ኮስታራ የጠየቅኩሽ መዝገበ ቃላት አጥቼ አልነበረም። ሰዎች አፌን የሚዘጉበትን ነገር ስሙን እንድትነግሪኝ ነበር። አንቺ ደግሞ ያንኑ አንሥተሽ አፌ ላይ ጨመርሽበት።

እሱ ጠላቴ ነው፣ ያደረገውን አደረገ። አንቺ ግን አንድ አልጋ ላይ እየተኛን ያደግን፣ የታይፎይድ ትኩሳት ሲይዘኝ ግንባሬን በእርጥብ ጨርቅ ስትደባብሺ ያደርሽ ልጅ ነሽ። የወንድምሽ ነገር አላስለቀሰኝም። ያንቺ አስለቅሶኛል። ይህን እንድታውቂው እፈልጋለሁ።

ወዴት እንደምዛወር ሰምተሽ እንደሆነ አላውቅም። ወደ አርጆ ነው። «ከኅብረተሰቡ ጋር ባለመግባባቷ» ተብሏል። በዚህ ወር መጨረሻ እሄዳለሁ። የደራርቱ ሠርግ ለየካቲት ተቆርጧል። ልጅቷ አሁን ትምህርት ቤት አትመጣም። ባለፈው ገበያ ላይ ከእናቷ ጋር ሳገኛት በሩቁ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችኝና ሄደች። ይህች ልጅ በውጤት መዝገቤ ላይ በሒሳብ ከሁሉም የምትበልጥ ነበረች። አሁን የወንድምሽን እግር ለማጠብ ልትሄድ ነው።

መልስ አልጠብቅም።

ድርቤ


ነቀምቴ፣ ጥር 30 ቀን 1958 ዓ.ም.

ድርቤ፣

ይህን የምጽፍልሽ ጨለለቂ ሰፈር፣ እናትሽ ቤት ተቀምጬ ነው። እንዴት እዚህ እንደደረስኩ ልንገርሽ።

እናቴን ጠይቀሻት ታውቂያለሽ ወይ ያልሽኝ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። ልጄን ለአማቴ ትቼ መጣሁ። ስደርስ ሽብሩ ለበዓል መጥቶ እናቴ ዘንድ ነበር። ምሳ ላይ ተቀምጠን ጠየቅኩት። እውነቱን ልንገርሽ፣ እንዲክድልኝ በልቤ እየተሳልኩ ነበር የጠየቅኩት።

«ይህች አስተማሪ የምትለው እውነት ነው?» አልኩ።

«የትኛው?»

«የተረፋ ልጅ።»

«አዎ፣ ታዲያስ? በእኔ መሬት ላይ የበቀለች ናት፣ ለሌላ ሰው ልተዋት?» አለና እንጀራውን ቆረሰ።

«ልጅ ናት እኮ፣ ሽብሩ!»

«ታድጋለቻ!»

እናቴን አየኋት። ወጥ ጨመረችለት።

«እማዬ፣ አንቺ ስታገቢ ፈልገሽ ነበር?» አልኳት። ማንኪያው በእጇ እንዳለ ቆመች። «ማን ጠየቀኝ?» አለች። ቀጥላ ደግሞ «እኔን ማንም ሳይጠይቀኝ እሷን ለምን ይጠይቋታል?» አለችኝ። በቁጣ ነው ያለችው፣ በእኔ ላይ። ያን ጊዜ የጻፍኩልሽ ደብዳቤ ሁሉ ቃል በቃል ትዝ አለኝና አፈርኩ።

በማግሥቱ ሽብሩ ነቀምቴ ጉዳይ ስለነበረው ቀድሜው በአውቶቡስ ሲሬ ወረድኩ። ኦቦ ተረፋ ሲያዩኝ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ሚስታቸው ልጇን ከኋላዋ ሸሸገች። «ጌቶች ላኩዎት?» አሉኝ። ያለኝን ኦሮምኛ ሁሉ ሰብስቤ ማንም እንዳልላከኝ፣ ልጅቷን ነቀምቴ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ላስገባት እንደመጣሁ ነገርኳቸው። አልደበቅኳቸውም፣ «መሬቱን ሊነሣዎት ይችላል» አልኳቸው። ዞር ብለው ሚስታቸውን አዩ። ከዚያ በኋላ «መሬቱ እንደሆነ ያባቴ ነበር፣ ያኔም ተነሥቷል። ልጅቷን ይውሰዱልኝ» አሉኝ።

ይህን ስሰማ ምን እንደተሰማኝ እንዳትጠይቂኝ። የማን አባት እንደነሣቸው አውቃለሁ።

አውቶቡሱ ጋ የሽብሩ ምስለኔ አገኘን። «እመቤቴ፣ ልጅቷ ወዴት ናት? ጌቶች ያውቃሉ?» አለ። «እኔን ነው እንዴ የምትጠይቀኝ? የማን እኅት መሆኔ ጠፋህ?» ብዬ ጮህኩበት። እጅ ነሥቶ ጓዟን ራሱ ጣራ ላይ ጫነላት። ዕድሜዬን ሁሉ በዚያ ስም ስከበር ኖሬ ለቁም ነገር የተጠቀምኩበት ያን ቀን ብቻ ነው።

ደራርቱ አሁን አዳሪ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ናት። ዋና መምህርቷ ተቀብላታለች። «ማንም ወንድ ከአባቷ በቀር አይጠይቃትም» ብላኛለች። ሽብሩ ሲሰማ መጥቶ በር ላይ ፎከረ፣ በሩ ግን አልተከፈተለትም። ኦቦ ተረፋን ከመሬቱ አስነሥቷቸዋል። አሁን ጊዜያዊ መጠጊያ አግኝተው እዚሁ እናትሽ ጓሮ ያለችው ቤት ውስጥ ናቸው። እኔን ደግሞ እናቴ በሯን ዘጋችብኝ። ዘበኛው «የሉም በል ብለውኛል» አለኝ፣ ምስኪን መዋሸት አይችልበትም። ድምፅዋን ከውስጥ እሰማው ነበር።

እናትሽ አዴ ድንቅነሽ ምንም ሳትጠይቀኝ አልጋ አነጠፈችልኝ። ያን የታኅሣሥ መጨረሻውን ደብዳቤዬን ቅደጅው አልልሽም። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ወንድሜን አውቀዋለሁ ያልኩሽ ለካ የማውቀው ለእኔ የሚሆነውን ብቻ ኖሯል።

ይቅር ትይኛለሽ ወይ? አሁን ባትመልሺልኝም ቆይተሽ መልሺልኝ።

ጸሐይወርቅ


አርጆ፣ የካቲት 20 ቀን 1958 ዓ.ም.

ጸሐይ፣

ይቅር ብዬሻለሁ። ይህን መጀመሪያ የጻፍኩት ደብዳቤውን እስክትጨርሺ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው። አዲስ አበባ በሰላም መግባትሽን ከእናቴ ሰምቻለሁ። ልጅሽ እንዳላወቀሽና እንዳለቀሰብሽ ጽፈሽላታል አሉ። ይለምድሻል፣ አይዞሽ።

ንዴትሽ በረደ ወይ ብትይኝ፣ አልበረደም። ደራርቱ መትረፏ ደስ አሰኝቶኛል። ግን ለምን ትረፊ ተባለች? የጌታው እኅት ስለመጣችላት ነው። ያለ እኅት የሚመጣባቸውስ? ወንድምሽ በዚህ ሳምንት ደግሞ ሌላ ጭሰኛ ዘንድ ሽማግሌ ልኳል፣ ሲሬ አስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ በሰው ልካ ነግራኛለች። ኦቦ ተረፋ ዕድሜያቸውን ያረሱትን መሬት ለቀው የሰው ጓሮ ውስጥ ተቀምጠዋል። የተቀጡት እሳቸው ናቸው። የተዛወርኩት እኔ ነኝ። የተባረርሽው አንቺ ነሽ። ያ ሰው ግን በቅሎው ላይ ነው ያለው። ይህን እያየሁ ከበረደልኝ ሰው አይደለሁም። ስለዚህ ስለዚያኛዋ ልጅ አባቷን አግኝታ እንድታነጋግር ለእናቴ ጽፌያለሁ፣ አንቺም ለዋና መምህርቷ ጻፊላት፣ አንድ አልጋ ካላት። እንደገና «የማን እኅት መሆኔ ጠፋህ» ማለት ካስፈለገ ደግሞ መምጣት አለብሽ። ከባድ ነገር መጠየቄን አውቃለሁ።

አርጆ እንዴት ናት ትይኝ እንደሆነ፣ ደጋ ናት፣ ጭጋጓ እስከ ረፋድ አይገፈፍም። ስደርስ ዲሬክተሩ ዐይኑን አጥብቦ «ስላንቺ ሰምተናል» አለኝ። ወሬዬ ቀድሞኝ መግባቱን ያን ጊዜ ዐወቅሁ። መምህራኑ ሻይ ሲጠጡ ወንበር አላስጠጉልኝም። እንደ ሲሬው ሊሆን ነው ብዬ ሻዬን ቆሜ ጠጣሁ።

ትናንት ጠዋት ክፍል ልገባ ስል አንዲት ሴት ልጇን በእጇ ይዛ ግቢው ውስጥ ቆማ ነበር። ከሩቅ እንደመጣች ከልብሷ ጭቃ ያስታውቃል። ልጅቷ ትልቅ ናት፣ ትምህርት ቤት ገብታ አታውቅም። ሴትየዋ መምህራኑን በኦሮምኛ ትጠይቃለች።

«እምቢ ያለችው አስተማሪ የቷ ናት?»

ሁሉም ዞር ብለው አዩኝ። ሴትየዋም ዐይናቸውን ተከትላ ፊት ለፊቴ መጣች። ላይ ታች አየችኝ። አልሳቅሁላትም፣ እሷም አልሳቀችልኝም። የልጇን እጅ ከእጇ አውጥታ በእጄ ላይ አስቀመጠችው። «ያንቺ ናት» አለችኝ።

የልጅቷ እጅ በብርዱ ቀዝቅዞ ነበር። ይዣት ገባሁ።

ድርቤ